የምንጣፉ እህል ውሃ ሲያልቅ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ምንጣፍ ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ያረጀ ምንጣፍ ከቤት የሚወጣበት ጊዜ መድረሱ በምን ይታወቃል ስለሚለው ጥያቄ ነው። ወንበር ይሰበራል፣ አምፖል ይቃጠላል፣ ምንጣፍ ግን «በቃኝ» የሚልበት ቀን የለውም። በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት ይነትባል፤ ዓይናችንም አብሮት ይለምዳል። እንግዳ ሊመጣ ነው በተባለ ቀን ብቻ በእንግዳው ዓይን እናየውና ክው እንላለን።

እኔ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ የሚደረግን ውሳኔ አላምነውም። የሚያሳፍረን ነገር፣ ማለትም እድፉ፣ መገርጣቱና መሳሳቱ፣ ሁሉም ያለው በምንጣፉ ፊት ላይ ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ጀርባው ነው። ስለዚህ ጥጉን ይዞ ያልገለበጠ ሰው ስለ ምንጣፉ ገና ምንም አላወቀም ባይ ነኝ።

ላዩ ላይ የምናየው ፀጉሩን ነው፤ ፀጉሩን የሚሸከመው መሠረት ግን ከምንጣፍ ምንጣፍ ይለያያል። በእጅ በተቋጠረ ምንጣፍ እያንዳንዱ ክር በድሩ ላይ ተጠምጥሞ ስለተቋጠረና በማግ ስለተጠበቀ፣ በእግር ብዛት ፀጉሩ እስከ ቋጠሮው ድረስ ቢያልቅ እንኳ ድሩና ማጉ ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ ምንጣፉ አልሞተም፤ ሙያው ያለው ሰው የጎደለውን ቋጠሮ አንድ በአንድ ሊተካው ይችላል። ሌላው ዓይነት ምንጣፍ ደግሞ ክሮቹ በሸራ ላይ በመርፌ ተወግተው፣ ከጀርባ በላቴክስ ሙጫ ተይዘው፣ ሙጫው እንዳይታይ በሌላ ጨርቅ የተሸፈኑበት ነው። እዚህ ፀጉሩን የያዘው ቋጠሮ ሳይሆን ሙጫ ነው። ላቴክስ ደግሞ አየርና ሙቀት እየነካው በሄደ ቁጥር ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻም ይፈረፈራል።

እኔ ቤት ሁለቱም ዓይነት አሉ፤ አጋጣሚውም አስተማሪ ነው። የሳሎኑ ምንጣፍ በእጅ የተቋጠረ ሲሆን፣ ለሚያየው ሰው እውነትም ያሳፍራል፤ ከበሩ እስከ ሶፋው ድረስ የእግር መንገድ ወጥቶበታል፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ቀይ ቀለም ገርጥቷል፣ አንዱ ጠርዙም መተርተር ጀምሯል። የመኝታ ቤቱ ግን ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀለሙም ገና የሞቀ ነበር። ወለሉን ለማጽዳት የመኝታ ቤቱን ጥቅልል ሳደርገው ከሥሩ ቢጫማ ዱቄት ተዘርግቶ አገኘሁ፤ በጣት ሲነካ እንደ ደረቅ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። በመጥረጊያ ጠርጌ መልሼ አነጠፍኩት፤ ብዙም ሳይቆይ ዱቄቱ ተመልሶ መጣ። ይህ አቧራ አይደለም፤ የተፈረፈረው ሙጫና በውስጡ እንደ ማሙያ የሚገባው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ፀጉሩን ቆንጠጥ አድርጌ ስስበው ዘለላ ዘለላ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። ላዩ ያማረ፣ ውስጡ ለቄስ የሚባለው ይኸው ነው። የመኝታ ቤቱ ወጣ፤ የሳሎኑ ቀረ። እንግዶቼ ውሳኔውን የተገላቢጦሽ ይሉት ይሆናል፤ እኔ ግን ያየሁት ጀርባቸውን ነው።

በእጅ የተሠራ ነገር ሁሉ ይጠገናል ማለቴ እንዳልሆነ ግን ልብ በሉልኝ። ድሩ ብዙውን ጊዜ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ደግሞ እርጥበት ሲያድርበት ይሻግታል፣ ቀስ በቀስም ይበሰብሳል። ዋነኛው ተጠያቂ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጥ የአበባ ተክል ነው፤ ከሥሩ የምትንጠባጠበው ውሃ ከላይ አትታይም። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ የተጠረጠረውን ቦታ በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስታጥፉት የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ክሩ ጉልበቱን ጨርሷል። ቦታው መዳፍ የሚያህል ከሆነ ይጣፋል፤ ግማሽ ምንጣፍ ከሆነ ግን መርፌ የሚይዝበት ጤነኛ ክር ስለማይኖር ጥገናው ራሱ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ወይም ጎርፍ ገብቶ ምንጣፍ ሲርስም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፈጽሞ ካልደረቀ ሻጋታ ይይዛል ተብሎ ነው የሚታሰበው።

ስለ ሽታ ብዙ አልልም፤ አፍንጫችሁ ያውቀዋል። የድመት ወይም የውሻ ሽንት እስከ መሠረቱ ከዘለቀ ግን በደረቅ ቀን የጠፋ መስሎ፣ አየሩ እርጥበት ባዘለ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። እጥበት ካላስለቀቀው፣ ሽቶ መርጨት ራስን ማታለል ነው።

ብል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሱፍ የሚበላው የምትበረው ትንሽ የእሳት ራት ሳትሆን እጯ ነው፤ እጯም ሰው በሚመላለስበት ቦታ ሳይሆን፣ ከሶፋና ከአልጋ ሥር፣ ጨለማ ሆኖ ማንም በማይነካው ቦታ ትሰፍራለች። ስለዚህ መሐሉን ለዓመታት በቫኪዩም ስናጸዳ ኖረን፣ ዕቃ ያስነሳን ዕለት እስከ ድሩ የተላጨ ቦታ ልናገኝ እንችላለን። ጉዳቱ በጥግ ከተወሰነ ጽዳትና ሕክምና ይበቃዋል፤ በየቦታው ከተበተነ ግን ቤት ውስጥ ያለውን የሱፍ ልብስ ጭምር ስለሚያሰጋ አለመዘግየቱ ይሻላል።

ዕድሜ ብቻውንስ? እ.ኤ.አ. በ1949 ሩሲያዊው የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ ሰርጌይ ሩደንኮ በሳይቤሪያ ባሉት የአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለ ሸለቆ ባለ መቃብር ውስጥ ያገኘው ባለ ቋጠሮ ምንጣፍ ወደ 2,400 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ፈረሰኞቹና አጋዘኖቹ ዛሬም በግልጽ ይታያሉ። ያቆየው መቃብሩ ውስጥ ገብቶ በረዶ የሆነው ውሃ ነው፤ ብርሃን አላገኘውም፣ እግር አልረገጠውም፣ ብል አልቀረበውም። ምንጣፍን የሚገድለው የዓመታት ብዛት እንዳልሆነ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ያለው፣ አርዳቢል የተባለው ዝነኛ የፋርስ ምንጣፍም ቀለሙ እንዳይጎዳ መብራት የሚበራለት በየግማሽ ሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እኛ ሳሎን ውስጥ እንዲህ መኖር አንችልም፤ ቢያንስ ግን ምንጣፉን በየጊዜው አዙረን፣ ፀሐዩና የእግር መንገዱ አንድ ወገን ብቻ እንዳያጠቃው ማድረግ እንችላለን። ፀጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩ ደማቅ፣ ጫፉ ብቻ የገረጣ ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ያ የመልክ ጉዳይ ነው፤ ለመጣል ምክንያት አይሆንም።

ለመልክ ይህን ያህል ቸር ብሆንም፣ በሁለት ነገር ጨካኝ ነኝ። አንደኛው ጠርዙ የተቆለመመ ወይም እየተንሸራተተ የሚታጠፍ ምንጣፍ ነው። አዛውንት ወይም ዳዴ የሚል ሕፃን ባለበት ቤት፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ንጣፍ ተደርጎለትም፣ ጠርዙ ተሰፍቶም አልተኛ ካለ፣ የአያት ቅርስም ቢሆን ከመተላለፊያው መነሳት አለበት፤ የተሰበረ ዳሌ በጥገና አይመለስም። ሁለተኛው የሰው ትንፋሽ ነው። በዓይን የማይታዩት የአቧራ ተባዮች ከሰውነታችን በሚረግፈው ቆዳ እየኖሩ ምንጣፍ ውስጥ ይራባሉ፤ አስምን የሚቀሰቅሰው በአብዛኛው ኩሳቸው ነው፤ ቫኪዩምም ሁሉንም ስቦ አይጨርስም። ቤት ውስጥ በዚህ አስሙ የሚነሳበት ሰው ካለ፣ ምንጣፉ አዲስ ሆነ አሮጌ ለውጥ የለውም፤ ይውጣ።

እንግዲህ ከባዱ፣ ጀርባውም ፊቱም አብቅቶለት ልባችን ግን አልለቅ ያለው ምንጣፍ ነው። ያ አርዳቢል የተባለው ምንጣፍ ጥንድ ነበረው፤ የአንደኛውን ጉድለት ለመሙላት የሌላኛው አካል ተቆርጦ ተወስዷል። በሙዚየም ደረጃ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ለቤት ግን ጥሩ መንገድ ነው። ከትልቁ ምንጣፍ ያልተጎዳውን መሐል አስቆርጦ፣ ጠርዙን አስቀምቅሞ ለአልጋ ሥር የምትሆን ትንሽ ምንጣፍ ማሠራት፣ ወይም የትራስ ልብስ ማድረግ፣ ሙሉውን ጠቅልሎ ዕቃ ቤት ከማስቀመጥ ይሻላል። ተጠቅልሎ የተረሳ ምንጣፍ ለብል የተዘረጋ ማዕድ ነው።

የሚወጣውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የደበዘዘ ወይም የሳሳ ምንጣፍ ለሚፈልገው ሰው ቢሰጥ ምንም ነውር የለበትም፤ ብል የገባበት፣ የሻገተ ወይም ሽንት የጠጣ ግን ሳይደባበቅ፣ በላስቲክ በደንብ ተጠቅልሎና ታስሮ ወደ ቆሻሻ ይሂድ። የመኝታ ቤቴ የተሸኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዱቄቱ ደረጃው ላይ እንዳይበተን። የሳሎኑ ጠርዙ ተሰፍቶ እስኪመለስ ወለሉ ባዶ ነው።

በሌላ ክፍል እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።