ስለ ክርክራችን አያያዝ፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራንና ክቡራት እንግዶች፣

የዘንድሮው ጉባኤያችን የምሁራንን ክርክር ታሪክ የሚመለከት ስለሆነ፣ ንግግሬን በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» ዓምድ ላይ ስለተካሄደው ሙግት ላደርገው መርጫለሁ።

የሙግቱ ፍሬ ነገር ዛሬም የሚናቅ አይደለም። የኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) ወገን ገደብ የሌለው ዴሞክራሲያዊ መብት አሁኑኑ እንዲከበርና ሥልጣን ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲተላለፍ ሲጠይቅ፣ መኢሶን (የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) በበኩሉ ሕዝቡ እስኪነቃ፣ እስኪደራጅና እስኪታጠቅ ድረስ ለወታደራዊው መንግሥት ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ መስጠት፣ ማለትም እየተቹ መደገፍ ይበጃል ይል ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሁለቱ መቀራረብ ነው፤ ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ፣ ሁለቱም በማርክሲዝም ሌኒኒዝም የሚምሉ፣ የመሬት ለአራሹን ጥያቄ አብረው ያነሡ ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ቀስ በቀስ መልሱ ለቀረበው ሐሳብ መሆኑ ቀርቶ ለሐሳቡ ባለቤት ሆነ፤ በአንድ በኩል «አናርኪስት»፣ በሌላው በኩል «ባንዳ» የሚሉት ስሞች የማስረጃን ቦታ ያዙ። በ1969 ዓ.ም. መባቻ ብዕሩ ለጥይት ቦታውን ለቀቀ። ደርግን የደገፈው መኢሶንም ቢሆን ዓመቱ ሳይገባደድ ኅቡዕ ለመግባት ተገደደ።

ጥፋቱን ሁሉ በምሁራኑ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ ጋዜጣው የመንግሥት፣ ጠመንጃውም የደርግ ነበርና። ያም ሆኖ ከእልቂቱ የተረፈው ትውልድ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እያለ ልጆቹን ያሳደገው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን ዝምታን ከጨዋነት፣ መሟገትን ከጠላትነት ቆጥረን አድገናል።

የሥራ አመራር ኮሚቴያችን ለዚህ ጉባኤ አንድ አዲስ ሥርዓት ያወጣው ይህንን በማሰብ ነው። ጥናት አቅራቢውን የሚተች ማንኛውም ተናጋሪ፣ ትችቱን ከመሰንዘሩ በፊት የአቅራቢውን ሐሳብ በራሱ አንደበት ያስረዳል፤ አቅራቢው «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» ካላለ ትችቱ አይቀጥልም። አሠራሩ ጊዜ ይፈጃል የሚል አቤቱታ ከወዲሁ ደርሶኛል። ይፍጅ፤ የከሰዓት በኋላውን የሻይ ዕረፍት ያሳጠርነው ለዚሁ ነው። አወያዮችም ከተቺው ዕድሜና ማዕረግ የተነሣ ሥርዓቱን እንዳያላሉት አደራ እላለሁ፤ እኔም ተራዬ ሲደርስ ከዚህ ነጻ አይደለሁም።

ጉባኤው መከፈቱን እያበሠርሁ፣ የመጀመሪያውን ጥናት አቅራቢ ወደ መድረክ እጋብዛለሁ።