ጎራሄን አልለቅም ያሉት አዛዥ

[ካርታ፦ ኦጋዴን፣ ፋፋን ወንዝ፣ ጎራሄ]

ስለ ጣሊያን ወረራ ሲወራ ብዙዎቻችን ሐሳባችን ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው፤ ወደ ተምቤን፣ ወደ ማይጨው። ዛሬ ግን ወደ ኦጋዴን እንውረድ፤ እዚያ የተሠራውን ጀግንነት በሚገባው ልክ አላወራነውም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በሰሜን መረብን ተሻገረ። በደቡብ ደግሞ የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ከሶማሊያ ተነሥቶ ወደ ጅጅጋና ሐረር የሚያደርሰውን መንገድ ይፈልግ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ፣ ፋፋን ወንዝ ዳር፣ ጎራሄ አለች። የሶማሌ ደርቪሾች መሪ የሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን አሮጌ የድንጋይ ምሽግ የነበረው እዚህ ነው።

የጎራሄ አዛዥ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ነበሩ። ሰዎቻቸው የያዙት ጠብመንጃና ጥቂት መትረየስ ነው። ከሰማይ ለሚመጣ ጠላት የነበራቸው አንድ ኤርሊኮን ፀረ-አውሮፕላን መድፍ ብቻ። እሱን ደግሞ አዛዡ ራሳቸው ይተኩሱት ነበር።

[ምስል፦ ምሽጉ፣ ከላይ ሲታይ]

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አውሮፕላን ሲመጣ እግረኛ ወታደር ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ አንገቱን ደፍቶ እስኪያልፍ ይጠብቃል። መድፍ ተኳሽ ግን መደበቅ አይችልም። ከአውሮፕላኑ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል፣ አፈሙዙን እያዞረ መከተል አለበት። በዚያ ላይ መድፉ አንድ ብቻ ሲሆን ያለበትን ቦታ አብራሪው ወዲያው ያውቀዋል። አዛዡ ያን ቦታ ለራሳቸው ሲወስዱ፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ወታደር ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው እሳቸውን ነው። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ትእዛዝ አለ?

ጥቅምት እየገፋ ሲሄድ ድብደባው በረታ። ግራዝማች አፈወርቅ ክፉኛ ቆሰሉ። ወደ ኋላ ሄደው ይታከሙ ሲባሉ እምቢ አሉ። እሳቸው ከሄዱ የሰዉ ልብ እንደሚከዳ ያውቁ ነበር። ቁስሉ እያመረቀዘ፣ ጎራሄን ሳይለቁ ሰነበቱ። ከዚያም አረፉ።

ይህን ግትርነት ነው የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። በዚያ ዘመን የነበረው ጦር የሚቆመው በአለቃው ነው። ወታደሩ የሚከተለው የሚያውቀውን ሰው ነው፤ አለቃ ሲወድቅ ቦታውን የሚረከብ የሠለጠነ መኮንን በብዛት አልነበረም። የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት እንኳ የተከፈተው ገና በ1927 ነው። ግራዝማች አፈወርቅ ሕይወታቸውን ያስያዙት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር፤ ስሌታቸውም ትክክል እንደነበር ወዲያው ታየ። እሳቸው ሲሞቱ ጦሩ ጎራሄን ለቀቀ። በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት የጣሊያን ጦር ሲገባ ምሽጉ ባዶ ነበር።

ያፈገፈጉትን ወታደሮች ግን ለመውቀስ አፌ አይደፍርም። መድፉም አንድ፣ አዛዡም አንድ ነበሩ፤ አዛዡን አጥተዋል።

ጣሊያኖች በኮሎኔል ማለቲ እየተመሩ ሸሺውን ጦር ለመጨረስ ተከተሉ። ድሉ ቀላል መስሏቸው ነበር። አናሌ ላይ ግን ለእርዳታ የመጣው የፊታውራሪ ጎንጎል ቆላሴ ጦር ጠበቃቸው። ጠብመንጃ የያዘ እግረኛ ታንክ ገጠመ፤ ጣሊያኖች ታንኮች አጥተው ወደ ኋላ ተመለሱ።

[ምስል፦ ጅጅጋ፣ ኅዳር 1928]

በዚያው ኅዳር ንጉሠ ነገሥቱ ጅጅጋ ወርደው ጦሩን ጎበኙ። ለሟቹ ግራዝማች የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጡ። ከግራዝማች በላይ ቀኝአዝማች፣ ከዚያም ፊታውራሪ አለ፤ አፈወርቅ ሁለቱንም ዘለው ደጃዝማች ተባሉ።