መስመሩን የሚያሰምረው ማነው? የከተማ ምክር ቤትና የዞን ለውጥ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ሁሉም የሚያማርርበት፣ ግን ማንም የማይገኝበት ስብሰባ ነው። የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ። በተለይ ደግሞ አንድ ባለመሬት «የመሬቴን ዞን ቀይሩልኝ» ብሎ ሲያመለክት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እናያለን። ዞን ማለት ምን መሥራት እንደሚፈቀድበት በደንብ የተወሰነለት የከተማ ክፍል ነው። ዞን መቀየሩን ሪዞኒንግ ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እንበለው። የማወራው ስለ አሜሪካ ከተሞች ነው። ዝርዝሩ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ አጥንቱ ግን አንድ ነው።

ኳስ የምትወዱ እንዴት ናችሁ? የማትወዱም ትንሽ ታገሡኝ፤ ይህቺን ምሳሌ በጣም ነው የምወዳት።

(የእግር ኳስ ሜዳ ከላይ ሲታይ)

ሜዳውን እዩት። ሣሩ ከዳር እስከ ዳር ያው ሣር ነው። አፈሩም ያው አፈር ነው። ልዩነቱን ያመጣው የተሰመረው ነጭ መስመር ነው። ተከላካዩ አጥቂውን ከ16 ከ50፣ ጎሉ ፊት ከተሰመረው ትልቁ ሳጥን፣ አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ ቢጠልፈው ቅጣት ምት ነው። ያንኑ ጥፋት፣ በዚያው እግር፣ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ ቢሠራው ግን ፍጹም ቅጣት ምት! ተጫዋቹ አልተለወጠም። ጥፋቱም አልተለወጠም። የተለወጠው ቦታው ነው። በረኛውንም እዩት። መስመሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ኳሷን በእጁ ይይዛል። አንድ እርምጃ ካለፈ እንደማንኛውም ተጫዋች ነው።

የከተማ መሬትም ልክ እንደዚህ ነው። ከመንገዱ ወዲህ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው የሚሠራው። መንገዱን ስትሻገሩ ሱቅም ይፈቀዳል፣ ቢሮም ይፈቀዳል። አፈሩ አንድ ነው፤ ዝናቡም እኩል ነው የሚወርድበት። በመሃል ግን በዓይን የማይታይ መስመር አለ። ያ መስመር የሚታየው የከተማው የዞን ካርታ ላይ ነው።

አሁን ማን ማን እንደሆነ እንለይ። ተጫዋቹ ባለመሬቱ ነው። ፊሽካ የሚነፋው ዳኛ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው ክፍል ነው። «አጥርህ ከተፈቀደው በላይ ረዝሟል፤ አሳጥር» የሚላችሁ እሱ ነው። ምክር ቤቱስ? ምክር ቤቱ አይጫወትም፣ ፊሽካም አይነፋም። ሥራው ሁለት ነው። መስመሩን ያሰምራል፤ መስመሩ ውስጥ ምን እንደሚፈቀድም ይጽፋል። ካርታና ጽሑፍ። እነዚህን ሁለቱን ከያዛችሁ ግማሹን ጨርሳችኋል።

ሪዞኒንግ ማለት እንግዲህ መስመሩን ማንቀሳቀስ ነው። «የኔ ቦታ እዚህኛው ሳጥን ውስጥ ይግባልኝ» ማለት ነው። ጽሑፉን ማሻሻል ሌላ ነገር ነው። ሜዳው ላይ ሁለት ሳጥን አለ አይደል? የሳጥኑ ሕግ ሲቀየር በዚህኛው ጎል በኩል ብቻ አይቀየርም፤ በሁለቱም ነው። ጽሑፉ ሲቀየርም በከተማው ውስጥ ያንን ዞን የያዘ መሬት ሁሉ ይነካል። ስለዚህ አጀንዳው ላይ «የደንብ ጽሑፍ ማሻሻያ» የሚል ስታዩ «የኔ ሰፈር ስላልተጠራ አይመለከተኝም» ብላችሁ አትለፉት። ሰፈራችሁን በስሙ ሳይጠራ ሊነካው ይችላል።

ይህ ሁሉ መስመር ለምን መጣ? ቶሎ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1915 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ታችኛው ማንሃተን ላይ፣ ኢኩዊተብል የሚባል ሕንፃ ተሠርቶ አለቀ። 38 ፎቅ ነው። ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተነስቶ ትንሽ እንኳን ወደ ውስጥ ሳይገባ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከአንድ ኤከር ባነሰ ቦታ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ካሬ ጫማ በላይ ወለል ነው የያዘው። ጎረቤቶቹ ፀሐይ አጡ። ስሞታው ከዚያ በፊትም ነበር፤ ይህ ሕንፃ ግን አባባሰው። በዓመቱ፣ በ1916፣ ከተማዋ የመጀመሪያውን ሙሉ የዞን ደንብ አወጣች። ሕንፃ ከፍ እያለ ሲሄድ ወደ ውስጥ እየገባ እንዲሄድ አዘዘች። ኤምፓየር ስቴት ሕንፃን በፎቶ አይታችሁት ታውቃላችሁ፤ ወደ ላይ ደረጃ ደረጃ እየሠራ የሚቀጥነው ለውበት ብቻ አይደለም። ያ ደንብ ነው እንደዚያ የቀረጸው።

ከዚያ ክርክሩ ፍርድ ቤት ገባ። ኦሃዮ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ አጠገብ፣ ዩክሊድ የምትባል ትንሽ ከተማ በ1922 የዞን ደንብ አወጣች። አምብለር ሪያልቲ የሚባል ኩባንያ እዚያ 68 ኤከር መሬት ነበረው። «ለኢንዱስትሪ ቢሆን ኤከሩ 10,000 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ለመኖሪያ ብቻ ስታደርጉት ወደ 2,500 ወረደ» ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1926 ከተማዋ 6 ለ 3 አሸነፈች። ዛሬ አንድ ምክር ቤት መሬታችሁ ላይ መስመር የማስመር ሥልጣን ያለው በዚህ ፍርድ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። መስመር ለፀሐይና ለአየር ብቻ አይደለም የተሰመረው። የሉዊቪል ከተማ ጥቁሮች ነጮች በሚበዙበት ሰፈር ገብተው እንዳይኖሩ በደንብ ከልክላ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ1917 ሻረው። ከዚያ በኋላም ግን ብዙ ቦታ «ቤት የሚሠራው ከዚህ ስፋት በማያንስ መሬት ላይ ብቻ ነው» በሚል ደንብ አቅም የሌለውን ሰው ማስቀረት ቀጠለ። ደንቡ ላይ ስለ ሰው አንድም ቃል የለም። ስለ ካሬ ጫማ ነው የሚያወራው። ውጤቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ አሰልቺ ቁጥር ስታዩ አትዝለሉት። «ይህ ቁጥር ማንን ያስገባል? ማንን ያስቀራል?» ብሎ መጠየቅ የዜጋ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

እሺ፣ ሂደቱ። መሠረቱን ስለምታውቁት በፍጥነት ነው የማልፈው። ባለመሬቱ ማመልከቻ ያስገባል፣ ይከፍላል። የከተማው የፕላን ባለሙያዎች ጥያቄውን ከማስተር ፕላኑ፣ ከመንገዱና ከፍሳሽ መስመሩ ጋር አስተያይተው ሪፖርት ይጽፋሉ። ለጎረቤት ደብዳቤ ይላካል፤ ብዙ ከተማ ላይ ቦታው ላይ ሰሌዳም ይተከላል። የፕላን ኮሚሽኑ፣ ምክር ቤቱን በመሬት ጉዳይ የሚያማክረው ቡድን፣ ሕዝቡን ይሰማና የድጋፍ ወይም የተቃውሞ ሐሳብ ያቀርባል። ሐሳብ ነው፤ ውሳኔ አይደለም። ከዚያ ምክር ቤቱ ራሱ ሕዝቡን ይሰማና ድምፅ ይሰጣል። ሪዞኒንግ የሚጸድቀው በደንብ ነው፤ ደንብ ደግሞ ብዙ ቦታ በሁለት ስብሰባ ሁለት ጊዜ ይነበባል። በአንዳንድ ግዛቶች ዙሪያውን መሬት ያላቸው ሰዎች ፈርመው ከተቃወሙ ተራ አብላጫ ድምፅ አይበቃም። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንድ ትንፋሽ። ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁን አድርጉ፤ እንዲህ ዓይነት ርዕስ በራሱ ሰው ጋ አይደርስም፣ እናንተ ናችሁ የምታደርሱት።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ደጋግማችሁ የጻፋችሁት ነገር አለ። መልኩ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። «ምክር ቤቱ ክሊኒክ ነው የፈቀደው፤ የተሠራው ግን ሌላ ነው። ጉቦ በልተዋል።» ይህን በአጭሩ መልሼ ማለፍ እችል ነበር። ግን ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቁጭ ብለን እንየው።

ምክር ቤቱ ክሊኒክ አልፈቀደም። ልድገመው። ምክር ቤቱ ክሊኒክ አልፈቀደም። ዞን ነው የቀየረው።

(ስክሪኑ ላይ፦ አር-1 ወደ ሲ-2)

እዚህ ጋ እዩ። አንድ አልሚ መጣ እንበል። መሬቱ አር-1 ነው፤ መኖሪያ ብቻ። ወደ ሲ-2፣ ወደ ንግድ ዞን፣ ይቀየርልኝ አለ። አዳራሹ ውስጥ የሚያምር ሥዕል አሳየ። ነጭ ክሊኒክ፣ ፊቱ ላይ ዛፎች፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሕፃን ልጅ ይዛ የምትገባ እናት። ሰው ሥዕሉን አይቶ ወደደው። ጎረቤቱም «ክሊኒክማ ያስፈልገናል» አለ። ድምፅ ተሰጠ፤ አለፈ።

የጸደቀው ደንብ ላይ ግን ሥዕሉ የለም። ያለው የመሬቱ ወሰንና «ከአር-1 ወደ ሲ-2 ተቀይሯል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ኮዱን፣ ማለትም የከተማውን የዞን ደንብ፣ ገልጣችሁ ሲ-2 ምን ይፈቅዳል ብትሉ ዝርዝር ታገኛላችሁ። ክሊኒክ አለበት። ምግብ ቤት አለበት። ምናልባት ነዳጅ ማደያ፣ የመኪና ማጠቢያም አለበት። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ሁሉም ተፈቅደዋል። አልሚው ገንዘብ አነሰውና በዓመቱ መሬቱን ቢሸጠው ዞኑ ከመሬቱ ጋር አብሮ ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት የመኪና ማጠቢያ መሥራት ከፈለገ ምክር ቤቱን ማስፈቀድ አይጠበቅበትም። የግንባታ ፈቃዱን ያወጣል፣ ይሠራል። ማንም ጉቦ ላይበላ ይችላል። ማንም ሕግ ላይጥስ ይችላል። ሰፈሩ ግን ክሊኒክ ሲጠብቅ ማጠቢያ ያገኛል።

የዞን ለውጥ ለሰው አይሰጥም፤ ለመሬት ነው የሚሰጠው። ሰውየው ደግ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ለሰፈሩ አሳቢ ነው፤ ሊሆን ይችላል። ግን ድምፅ የሚሰጠው በሱ ደግነት ላይ አይደለም።

ታዲያ መፍትሔ የለውም? አለው። አንዳንድ ግዛቶች አመልካቹ የገባውን ቃል ደንቡ ውስጥ አስገብቶ ማሰር ይፈቅዳሉ። ቨርጂኒያ እንዲህ ታደርጋለች፤ ሰሜን ካሮላይናም ቅድመ ሁኔታ ያለው ሪዞኒንግ አላት። ሌላ ቦታ ደግሞ የግንባታው ፕላን ራሱ የደንቡ አካል ሆኖ የሚጸድቅበት የዞን ዓይነት አለ። እዚያ ከሆናችሁ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፤ «ይህ የተናገራችሁት ደንቡ ላይ ተጽፏል?» አዳራሽ ውስጥ በቃል የተባለ ነገር ደስ ያሰኛል እንጂ አያስርም። እንዲህ ያለ መንገድ በሌለበት ከተማ ደግሞ ሥዕሉን ተዉት። የዞኑን ዝርዝር አንብቡ። ዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ በጣም የምትጠሉትን አንዱን ምረጡና «ይህ እዚህ ቢሠራ እቀበላለሁ ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ምክር ቤቱም መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

ተቃራኒውን ፍርሃት የጻፋችሁም አላችሁ። «ዞኑ ከተቀየረ ያለውን ሱቄን ያዘጉኛል?» አብዛኛውን ጊዜ አያዘጉም። በፊት በሕጋዊ መንገድ የነበረ ነገር ባለበት ይቀጥላል። ግን ተጠንቀቁ። ለረጅም ጊዜ ዘግታችሁ ከተዋችሁት ወይም ከተቃጠለ መብቱ ሊቀር ይችላል። ማስፋትም ብዙ ጊዜ አይፈቀድም።

«የቴክሳሷ ሂውስተንስ ዞኒንግ፣ የዞን ደንብ፣ የላትም እኮ» ያላችሁም ልክ ናችሁ። ሕዝቡ በ1948፣ በ1962 እና በ1993 ድምፅ ሰጥቶ አልቀበልም ብሏል። ይህ ማለት ግን ሂውስተን ውስጥ ያሻችሁን ትሠራላችሁ ማለት አይደለም። የመሬት ስፋት ደንብ አለ፣ ከመንገድ መራቂያ ደንብ አለ። ከዚህ ሌላ በቤት ባለቤቶች መካከል በውል የታሰሩ ገደቦች አሉ፤ ከተማው ራሱ ነው እነሱን የሚያስከብረው። መስመር ማስመር አልቀረም፤ በሌላ እጅ ነው የተሰመረው።

አሁን ሄዳችሁ መናገር ለምትፈልጉ። መጀመሪያ የባለሙያዎቹን ሪፖርት አውርዱ። ብዙ ጊዜ ከስብሰባው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ከአጀንዳው ጋር ይወጣል። የምክር ቤት አባሉ የሚያነበው እሱን ስለሆነ እናንተም ከዚያ ላይ ተነሱ። «ገጽ 4 ላይ ትራፊኩ አይጨምርም ተብሏል፤ የተቆጠረው ግን ትምህርት ቤት ዝግ በነበረበት ሳምንት ነው» የሚል ሰው፣ ሰፈሬን እወዳለሁ ብሎ ከሚያለቅስ ሰው ይልቅ ይሰማል። ፍቅራችሁን አትደብቁ፤ ግን ገጹን ጥሩ።

ሁለተኛ፣ ለምክር ቤት አባሉ ከመደወላችሁ በፊት «ስለዚህ ጉዳይ ከአባሉ ጋር ማውራት ይፈቀዳል?» ብላችሁ የከተማውን ጸሐፊ ጠይቁ። አንዳንድ ግዛቶች የአንድ ቦታ ሪዞኒንግን ሕግ እንደማውጣት ሳይሆን እንደ ዳኝነት ነው የሚያዩት። ኦሪገን ውስጥ ከ1973ቱ የፋሳኖ ፍርድ ጀምሮ እንዲህ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አባሉ ከስብሰባ ውጭ ከአንድ ወገን ጋር ብቻውን ስለ ጉዳዩ ማውራት የለበትም፤ ካወራም በግልጽ መናገር አለበት። «ስልክ አልመልስ አለኝ፣ ናቀኝ» አትበሉ። ሕጉ ከልክሎት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የመናገሪያ ሰዓቱ አጭር ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ቢሰጣችሁ ነው። ጎረቤቶቻችሁን ሰብስባችሁ ተከፋፈሉት። አንዱ ስለ ፍሳሹ፣ አንዱ ስለ መንገዱ፣ አንዱ ስለ ዞኑ ዝርዝር። አሥር ሰው አንድ ነገር ሲደጋግም አባላቱ ሰዓት ማየት ይጀምራሉ።

ለአንድ ቤት ብቻ «ከመስመሩ ሁለት ሜትር ልቅረብ» ተብሎ የሚጠየቀው ልዩ ፈቃድ፣ ቫሪያንስ የሚባለው፣ ዛሬ አልነካሁትም። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምክር ቤቱ ሳይሆን ወደ ሌላ ቦርድ ነው የሚሄደው። በሚቀጥለው ቪዲዮ እሱን እናያለን። ከተማችሁ ውስጥ ሪዞኒንግ ላይ የቀረበ ጉዳይ ካለ ከየትኛው ዞን ወደ የትኛው እንደሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ኮዱን አብረን እንገልጣለን።