ራዲካሉ የት ይፈጠራል?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ውሃ ስለማከም ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንከራከረው የትኛው ኬሚካል እንደሚበረታ ነው። እኔ ዛሬ ስለ ቦታ ላወራችሁ ነው። ጉልበተኛው ነገር የሚፈጠረው የት ነው?

ሃይድሮክሲል ራዲካልን እንውሰድ። አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን ነው፤ በቃ። ግን ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ስላለው ያገኘውን ሁሉ ይነጥቃል። ኦክሳይድ የማድረግ፣ ማለትም ኤሌክትሮን የመንጠቅ አቅሙ 2.8 ቮልት ገደማ ነው። የኦዞን 2.07፣ የክሎሪን 1.36 ነው። ዕድሜው ግን እጅግ አጭር ነው። ልንገድለው የምንፈልገው የባክቴሪያ ሕዋስ አጠገብ ከተፈጠረ አንድ ናኖሰከንድ ያህል ቢቆይ ነው። በዚህ ጊዜ የሚሄደው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ርዝመት ደግሞ 2,000 ናኖሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ራዲካል መሃል ድረስ አይዘልቅም። ጉዳቱ ከላይኛው ሽፋን ይጀምራል።

እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ራዲካሉ ሽፋኑ ላይ ካለ የስብ ሞለኪውል ሃይድሮጅን ይነጥቃል። የተነጠቀው ስብ ራሱ ራዲካል ይሆናል። ኦክስጅን ይይዝና በተራው ከጎረቤቱ ይነጥቃል። ያም ከሌላው። እንዲህ እያለ ሽፋኑ ይበሳሳል፤ ፖታሲየም ከሕዋሱ መፍሰስ ይጀምራል። ፔፕቲዶግላይካን የሚባለው የግድግዳው መረብም አይተርፍም፤ የስኳር ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ይህ መረብ በኢ. ኮላይ ላይ ስስ ነው። ግራም ፖዘቲቭ በሚባሉት ባክቴሪያዎች ላይ ግን ከ20 እስከ 80 ናኖሜትር ይወፍራል፤ ብዙ ጊዜ ጠንከር የሚሉትም ለዚህ ነው። ብዙ ባክቴሪያ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን የሚያፈርስ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ሃይድሮክሲል ራዲካልን የሚመክት ኢንዛይም ግን እስካሁን አይታወቅም።

አሁን ወደ ቦታው እንመለስ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በሚባል ዱቄት ላይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍ ራዲካሉ የሚፈጠረው በቅንጣቱ ገጽ ላይ ነው። ባክቴሪያው ቅንጣቱን ካልተጠጋ ራዲካሉ አይነካውም። ፐሮክሳይድ ግን ሰርጎ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል። እዚያ ብረት ካገኘ ራዲካሉ ውስጥ ይወለዳል፤ ዲኤንኤውም አይድንም። ይህ ኬሚስቱ ፌንተን በ1894 የገለጸው የብረትና የፐሮክሳይድ ኬሚስትሪ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረርና ፐሮክሳይድ አንድ ላይ ሲሠሩ ደግሞ ውጤቱን ሁሉ ለራዲካሉ መስጠት ልክ አይመስለኝም። አብዛኛውን ግድያ የሚፈጽመው ጨረሩ ራሱ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላም አለ። ራዲካል አይመርጥም። ውሃው ውስጥ ባይካርቦኔት የሚባለው የሟሟ ማዕድን ወይም የበሰበሰ ቅጠል ቅሪት (ኦርጋኒክ ካርቦን) ካለ ባክቴሪያው ጋ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል። በላብራቶሪ በተጣራ ውሃ ላይ ቆንጆ ውጤት ያሳየ መሣሪያ ወንዝ ውሃ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሰው ይህን ውሃ ይጠጣል፤ ልጆችም ይጠጡታል። ስለዚህ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ የሞከረበት ውሃ ምን ያህል ባይካርቦኔትና ኦርጋኒክ ካርቦን እንደነበረው ጠይቁት። ራዲካል ቧንቧ ውስጥ እንደማይቆይም አስታውሱት፤ ከማከሚያው ከወጣ በኋላ ውሃውን የሚጠብቀው ያው ክሎሪን ነው።

አመሰግናለሁ።