ወደ ምድር የሚመጣውን የፀሐይ ደመና ከፎቶ ላይ ማንበብ

ፀሐይ ዓይናችሁን ስትወጋችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መዳፋችሁን አንስታችሁ ትጋርዷታላችሁ። ያኔ በዙሪያዋ ያለው ነገር ይታያችኋል። ሶሆ የተባለችው መንኮራኩር የምትሠራውም ይህንኑ ነው።

[ምስል፦ መሃሉ ላይ ጥቁር ክብ፣ ዙሪያውን ነጭ ጨረር]

ይህ ጥቁር ክብ መጋረጃ ነው። ፀሐይ ከኋላው ናት። ካሜራው ራሱ ግርዶሽ ሠርቶ፣ በፀሐይ ዙሪያ ያለውን ደብዛዛ ብርሃን ይቀርጻል። ሶሆ እ.ኤ.አ. በ1995 ከመጠቀች ወዲህ፣ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ፀሐይን ትጠብቃለች።

[ምስል፦ ከክቡ ጎን የሚወጣ ነጭ አረፋ]

አያችሁት? ከፀሐይ ፈንድቶ የወጣ፣ ማግኔት የተሸከመ የጋለ ጋዝ ደመና ነው። አንዱ ደመና ብቻ ቢሊዮን ቶኖች ሊመዝን ይችላል። እንዲህ ወደ ጎን ሲወጣ ሥራው ቀላል ነው። በሁለት ፎቶዎች መካከል የተጓዘውን ርቀት በደቂቃው ታካፍላላችሁ፤ ፍጥነቱ ይወጣል።

ጭንቁ ያለው ወደኛ ሲመጣ ነው። ያኔ በክቡ ዙሪያ እንደ ቀለበት እየሰፋ ይታያል። ሌሊት መንገድ ላይ ቆማችሁ ፊት ለፊት የሚመጣ የመኪና መብራት አስቡ። እየቀረበ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ምን ያህል እንደሚፈጥን ግን መገመት ይከብዳል። ይባስ ብሎ፣ ከፀሐይ ጀርባ ወጥቶ ከኛ የሚሸሽ ደመናም ያንኑ ቀለበት ይሠራል! ስለዚህ ፍንዳታው በየትኛው ፊቷ ላይ እንደነበረ የሚያሳዩ ሌሎች ፎቶዎች አብረው ይታያሉ።

ከጎን የሚያይ ዓይን ቢኖር ብዙው ይቀል ነበር። በ2006 መንትያ የስቴሪዮ መንኮራኩሮች የተላኩት ለዚህ ነው። አንደኛዋ በ2014 ግንኙነቷ ተቋረጠ። አውሮፓውያን ደግሞ ቪጂል የተባለች መንኮራኩር ከጎን እንድትቆም በ2031 ለመላክ አቅደዋል። እኔ በጣም የምጓጓላት እሷን ነው።

[ምስል፦ ሜይ 2024፣ ተከታታይ ቀለበቶች]

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከአንድ የፀሐይ ነጠብጣብ አካባቢ ደመና በደመና ላይ ወጣ። የኋለኞቹ ፈጣኖች ስለነበሩ የፊተኞቹ ላይ ደረሱባቸው። በኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ ያሉት ትንበያ ሠሪዎች ፎቶዎቹን አይተው ሜይ 9 አስጠነቀቁ፤ ደመናው የምድርን ማግኔት ሲያናውጥ ከሚነሣው ማዕበል 5 ደረጃዎች 4ኛው ይጠበቃል አሉ። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ከ2005 ወዲህ አልወጣም ነበር። በማግስቱ ማዕበሉ ደረሰ፤ 5ኛው ላይም ወጣ። በአሜሪካ በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮች አቅጣጫቸው ተዛብቶ፣ ገበሬዎች በዘር ወቅት ሥራ ለማቆም ተገደዱ።

መምጣቱ ከታወቀ ጥንካሬው ለምን አስቀድሞ አልታወቀም? ፎቶ የደመናውን ማግኔት አያሳይማ! ማግኔቱ ወደ ደቡብ ከዞረ የምድርን የማግኔት መከላከያ ይከፍተዋል። ወደ ሰሜን ከሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል። ይህን የሚለኩት ሳተላይቶች ሶሆ ባለችበት አካባቢ ናቸው። ፈጣን ደመና ከእነሱ ተነስቶ እኛ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳን አይፈጅበትም። ያን ዕለትም ማግኔቱ ወደ ደቡብ መዞሩ የታወቀው፣ ደመናው ደጃፋችን ላይ ሲደርስ ነው።