ምሽጉ ከተያዘ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ምዕራባዊ ግንባር ነው። ከሰሜን ባሕር ዳርቻ እስከ ስዊዘርላንድ ድንበር 700 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ፣ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች በምዕራብ፣ ጀርመኖች በምሥራቅ ሆነው የተፋጠጡበት የምሽግ መስመር ነበር፤ በ1914 መጨረሻ ተቆፍሮ እስከ 1918 መጀመሪያ ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም። ቀኖቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለዚህ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ወታደሩ ከምሽጉ ሲወጣ መትረየስ ሲያጭደው ነው። እንደዚያ የሆነበት ቀን አለ። ጁላይ 1 ቀን 1916 ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ወንዝ አካባቢ እንግሊዞች በአንድ ቀን ብቻ 57,470 ሰው ሞቶ፣ ቆስሎና ጠፍቶባቸዋል፤ ከነዚህ 19,240ዎቹ ሞተዋል። ግን የግንባሩን ውጊያዎች አንድ በአንድ ስናያቸው አጥቂው የፊተኛውን ምሽግ ብዙ ጊዜ ይዞታል። ያቃተው ከያዘው በኋላ ያለው ነው። እኔ ዛሬ መቆየት የምፈልገው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ከምሽጉ ፊት የተዘረጋው ሽቦ አለ። ከሶም ጥቃት በፊት የእንግሊዝ መድፈኞች ለሰባት ቀን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የመድፍ ጥይት ተኩሰዋል። እሾሃማውን ሽቦ እንዲቆርጥ በብዛት የተመደበው ባለ 18 ፓውንዱ መድፍ ነበር፤ ጥይቱ ሽራፕኔል ነው፣ በሆዱ 375 ያህል የእርሳስ ብረት ኳሶች ይዟል። ጥይቱን የሚያፈነዳው ፊውዝ የሚነሳበት ጊዜ ቀድሞ ይሞላል። ከሽቦው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በዝቅተኛ ከፍታ ላይ ከፈነዳ ኳሶቹ ሽቦውን ይበጣጥሱታል። ትንሽ ከፈጠነ ተበታትነው ኃይላቸው ያልቃል፤ ከዘገየ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ሌላው ዓይነት፣ ፈንጂ የተሞላው ጥይት፣ ፊውዙ ቶሎ ስለማይነሳ መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው የሚፈነዳው። ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሽቦውን ወደ ላይ አንስቶ እንደተጠላለፈ መልሶ ይጥለዋል። በቀላሉ ሲነካ የሚፈነዳው ቁጥር 106 የተባለው ፊውዝ በብዛት የደረሰው በ1917 ነው። ወታደሩ ድፍረት ስላነሰው አይደለም ሽቦው ላይ የቀረው።

እሺ፣ ምሽጉ ተያዘ እንበል።

ምሽግ ፊትና ጀርባ አለው። ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ያህል ስለሆነ ወታደሩ አሻግሮ የሚያየውና የሚተኩሰው ከፊት ግድግዳው ሥር በተሠራ እርከን ላይ ቆሞ ነው። የጀርመን ምሽግ እርከኑ በምዕራብ በኩል ነው። የያዘው ሰው ጠላቱ ያለው ደግሞ በምሥራቅ። እርከኑ የተሳሳተ ወገን ላይ ነው፤ የአሸዋ ከረጢቱም፣ ሽቦውም እንደዚያው። ስለዚህ ሮጦ፣ ተዋግቶ፣ ጓደኞቹን ከኋላው ጥሎ የደረሰ ሰው የመጀመሪያ ሥራው መቆፈር ነው። የጀርባውን ግድግዳ ቆፍሮ አዲስ እርከን ያወጣል። ወደ ጀርመን ሁለተኛ መስመር የሚወስዱትን መገናኛ ቦዮች በአሸዋ ከረጢት ይዘጋል፤ ካልዘጋ የእጅ ቦምብ የያዙ ሰዎች በዚያው ይመጡበታል። ሶም ላይ እስከ 9 ሜትር የሚጠልቁት የጀርመን መጠለያዎች ደግሞ መግቢያቸው አሁን ለጀርመን መድፍ የተጋለጠ ነው፤ ጥይቱ በደረጃው በኩል ቀጥታ ሊገባ ይችላል። የጀርመን መድፈኛ የገዛ ምሽጉን አቀማመጥ በካርታው ላይ አጥርቶ ያውቃል። መፈለግ አያስፈልገውም።

ወታደሩ ያን ሁሉ ሸክም የተሸከመው ለዚህ ነው። 30 ኪሎ ያህል ይዞ ነበር የሚወጣው፤ ጠመንጃ፣ 220 ጥይት፣ ሁለት የእጅ ቦምብ፣ ስንቅ፣ ሁለት ባዶ የአሸዋ ከረጢት፣ ብዙዎቹ ደግሞ አካፋ ወይም ዶማ። አዛዦቹ በዚህ ሲወቀሱ እሰማለሁ። እኔ ግን ባዶ እጁን የደረሰ ሰው እስከ ማታ እንደማይቆይ ያውቁ ነበር እላለሁ። ሸክሙ ያዘገየዋል፤ ያለ ሸክሙ ግን የያዘውን አያቆየውም።

ተጨማሪ ኃይል ለምን አይላክለትም? የት እንደደረሰ ከኋላ ያለው አዛዥ አያውቅማ! የስልክ ገመድ በራስ ወገን ሁለት ሜትር ያህል ተቀብሮ ይተርፋል። ከፊተኛው ምሽግ ወዲያ ግን መሬት ላይ የተዘረጋውን ገመድ መድፍ ወዲያው ይበጥሰዋል። የቀረው መልእክተኛ ሯጭ፣ እርግብና ባንዲራ ነው። ሯጩ እዚያው ሜዳ ላይ ይሞታል፤ ከዳነም መልእክቱ ሰዓታት ያረጀ ነው። በዚያ ሰዓት የጀርመን ተጠባባቂ ጦር በባቡር እየደረሰ ነው። አጥቂው በፈራረሰና በጨቀየ መሬት በእግሩ ይሄዳል፣ ተከላካዩ በሐዲድ ይመጣል። ለእኔ የዚህ ጦርነት ቁልፍ ይሄ ነው።

ምሽጉን የሚያቆየው ሰው ኑሮም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ የእንግሊዝ ሻለቃ ጦር እንደ ሁኔታው አራት ቀን ያህል ፊት መስመር፣ አራት ቀን ያህል ደጋፊ መስመር ይቆይና ወደ ኋላ ይወጣል። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ሁሉም እርከኑ ላይ ወጥቶ ይቆማል፤ ሽቦ ማሰር፣ ስንቅ ማምጣት፣ መቆፈር በሌሊት ነው። እግርን የሚያበሰብሰው በረዶ ብቻ አይደለም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት መቆም፣ ጠባብ ጫማና በቅልጥም ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ደሙን ያግዱታል። እግሩ መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ያብጣል፣ ከባሰም ይቆረጣል። መከላከያው ቀላል ነበር፤ በየቀኑ ማድረቅ፣ የዓሣ ነባሪ ዘይት መቀባት፣ ካልሲ መቀየር። ግን ደረቁ ካልሲ የሚመጣው ከስንቁ ጋር በሌሊት ነው። መድፍ መንገዱን ሲዘጋ ካልሲውም ይቀራል።

ከጁላይ 1917 ጀምሮ ደግሞ የሰናፍጭ ጋዝ መጣ። ጭንብል ሳንባን ያድናል፤ ጋዙ ግን ቆዳንም ያቃጥላል፣ መሬት ላይም ለቀናት ይቆያል። ከ18 ዓመት በኋላ የጣልያን አውሮፕላኖች በእኛ ላይ ያወረዱት ይህንኑ ነው፤ ጭንብል በሌለው፣ ብዙው ጫማ እንኳ ባላደረገ ጦር ላይ። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም።

መፍትሔው ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1917 የእንግሊዙ ጄኔራል ፕሉመር ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ከተማ አጠገብ 1,400 ሜትር ገደማ ብቻ ሄዶ ቆመ፤ መድፉ ለመልሶ ማጥቃቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበርና ጀርመኖች ሲመጡ ተመቱ። ማርች 21 ቀን 1918 ጀርመኖች በአምስት ሰዓት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥይት ተኩሰው መስመሩን ሰበሩት፤ በቀጣዮቹ ቀናት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ዘለቁ። ግን መድፋቸውና ስንቃቸው በዚያ በታረሰ የሶም መሬት ላይ ሊከተላቸው አልቻለም፤ አሚየን ከተማ ሳይደርሱ ቆሙ።

ኦገስት 8 እንግሊዞችና ፈረንሳዮች እዚያው አሚየን ፊት ለፊት አጠቁ። እንግሊዞች በመጀመሪያው ቀን ከ400 በላይ ታንክ አሰለፉ፤ በአምስተኛው ቀን ለውጊያ የበቃው 6 ብቻ ነበር። ጥቃቱ ሲቀዘቅዝ ግን እንደ ድሮው አልገፉበትም፤ አቆሙ። ኦገስት 20 ፈረንሳዮች በኤን ወንዝ በኩል፣ ኦገስት 21 እንግሊዞች በአልበር ከተማ በኩል አዲስ ጥቃት ከፈቱ። የጀርመን ተጠባባቂ ወደ አንዱ ቦታ ሲጓዝ ሌላው ይከፈት ነበር፤ ተኩስ እስከቆመበት እስከ ኖቬምበር 11 ድረስ።