አዲስ መኪና፣ የሚጮህ ፍሬን

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ከዛፍ ጥላ ሥር የቆመች አዲስ መኪና።]

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዋ ገና አዲስ ናት፤ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ግን ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ሲጥ ትላለች። ጋራዥ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ መልስ «ሸራው አልቋል፣ ይቀየር» ነው። ሊሆን ይችላል። ሸራ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ ጨምቆ መኪናዋን የሚያቆመው ነው። እሱን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ድምፁን አድምጡ። ምን ዓይነት ነው? መቼ ነው የሚመጣው? መካኒኩ ራሱ የሚፈልገው ይህን ነው።

ከማያሰጋው እንጀምር። መኪናዋ ታጥባ ካደረች ዲስኩ ስስ ዝገት ይይዛል። ጠዋት ፍሬን ስትይዙ ሽርር ይላል፤ ሦስት አራቴ ከያዛችሁ በኋላ ይጠፋል። ድንገት አጥብቃችሁ ስትረግጡ ፔዳሉ ተንቀጥቅጦ ግርርር ካለ ደግሞ ኤቢኤሱ ነው። ጎማው እንዳይቆለፍ እየሠራ ነውና እግራችሁን አታንሱ።

ድሬ ላይ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው አሸዋና ጠጠርን ነው። ከዲስኩ ጀርባ አቧራ የሚከላከል ስስ ቆርቆሮ አለ። በሁለቱ መካከል አንዲት ጠጠር ከገባች ፍሬን ሳትነኩም ጭርርር ይላል፤ ስትፈጥኑ ድምፁም አብሮ ይፈጥናል። የሚያስደነግጥ ድምፅ ነው፤ መላው ግን ቀላል ነው። ሰው በሌለበት ቦታ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ንዱና ፍሬን ያዙ። ብዙ ጊዜ ትወድቃለች። እምቢ ካለች ጎማው ይፈታና ቆርቆሮውን በካቻቢቴ ገፋ ማድረግ ነው።

[ቅርብ ምስል፦ የእጅ ባትሪ በቸርኬው ክፍተት ሲበራ።]

አሁን ሸራውን እንየው። ባትሪ አብሩና በቸርኬው ክፍተት አጮልቁ። ዲስኩን በሁለት በኩል ይዞ የተቀመጠው ካሊፐር ነው፤ ሸራዎቹ ያሉት እሱ ውስጥ ነው። የሸራው ጀርባ ብረት ስለሆነ እሱን አትቁጠሩ። ከዲስኩ በኩል ያለውን ውፍረት ብቻ እዩ። አዲስ ሲሆን 10 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ 3 ሚሊሜትር ከወረደ ይቀየር። የውስጠኛውንም ማየት አትርሱ። ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ግራሶው ደርቆ አቧራ ሲይዘው አንዱ ሸራ ብቻውን ያልቃል፤ የውጪው ግን ደህና መስሎ ይታያል። አዲስ መኪና ላይ ይህን ሳያዩ ሸራ ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

አንዳንድ ሸራ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን ነክታ እንድትጮህ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት። ሸራው ወፍራም ሆኖ ሲጥ ካለ ግን የደንገጎን ቁልቁለት አስታውሱ። ከሐረር ወደ ድሬ ስትመለሱ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ፍሬን እየረገጣችሁ ከወረዳችሁት ሸራው ይግላል፤ ፊቱ ደርቆ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከዚያ ይጮሃል፣ አያያዙም ይደክማል። ስለዚህ ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ይብረድለት። ውሃ እንዳትደፉበት! የጋለ ዲስክ ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የብዙዎቻችሁ አዲስ መኪና ኤሌክትሪክ ነው። የእሷ ነገር ለየት ይላል። እግራችሁን ከነዳጁ፣ ማለትም ከመስጫው ፔዳል ስታነሱ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ፍሬኑ ሥራ ስለሚፈታ ዲስኩ ይዝጋል፣ ድምፅም ያወጣል። መፍትሔው አልፎ አልፎ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ቁልቁለት ከጀመራችሁ ግን ሞተሩ እንደ ወትሮው አይዝላችሁም። ያኔ ፍጥነት ቀንሳችሁ ውረዱ።

አንድ ድምፅ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ብረት ከብረት ሲፋጭ፣ ግርጭጭ ሲል፣ ሸራው አልቋል። መኪናዋ ትቁም። «አቦ ተወው፣ ነገ ይሠራል» እዚህ ላይ አይሠራም። ከፊታችሁ ባጃጅ አለ፤ ባጃጁ ውስጥ ሰው አለ።

[ምስል፦ መካኒክ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ።]

ጋራዥ ስትሄዱ ቁልፍ ሰጥታችሁ አትሂዱ። መካኒኩን አሳፍራችሁ አንድ ዙር ንዱ፣ በጆሮው ይስማው። ድምፁ ፍሬን ሳትይዙ እንደ ጉምጉምታ ሆኖ መሪ ስታዞሩ የሚለዋወጥ ከሆነ ኩሽኔታውን፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበትን፣ እንዲያይላችሁ ንገሩት። ሸራ ከተቀየረ የግራና የቀኙ አብረው ይቀየሩ። ከዚያ በማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ወደ መልካ ጀብዱ ውጡ። ከ50 ወደ 10 ኪሎሜትር በሰዓት ቀስ እያላችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ሳትቆሙ ደጋግሙት፣ በመካከሉ እየነዳችሁ አብርዱት። ሸራው ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ትንሽ ቢሸት አትደንግጡ።